የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት፦ በጀት በእጁ ለሌለ ኃላፊ

የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ ስትሆኑ በእጃችሁ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው። በጀቱን የሚወስነው ሌላ፣ ሰው የሚቀጥረው ሌላ፣ ዕቃ የሚገዛውም ሌላ ነው። ተጠያቂ ግን እናንተ ናችሁ። እንዲህ ላለ ኃላፊ ከሁሉም የማስቀድመው መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት ነው። በነፃ የሚገኝ አንድ ገጽ፣ 19 ነጥቦች ብቻ። ሥራውን ሦስት ጊዜ ቆም ያደርጋል፦ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት።

በጣም የምወደው ሁለተኛውን ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል። «እንተዋወቅ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ግን መጀመሪያ ላይ ድምጿን ያሰማች ጀማሪ ነርስ፣ በኋላ ጎዝ (ደም መምጠጫ ጨርቅ) ሲጎድል «ቆጠራው አልሞላም፣ አይዘጋ» ለማለት ይቀላታል። ሰርጅኑን ማዘዝ ባትችሉም ሁሉም የሚናገርባትን ደቂቃ ማስከበር ትችላላችሁ፣ ለእኔ ትልቁ አመራር ይሄ ነው። ኢንፌክሽን መከላከያው አንቲባዮቲክ ባለፉት 60 ደቂቃዎች መሰጠቱም እዚያው ይጠየቃል።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የ8 ሆስፒታሎች ጥናት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። በ2014 ግን በካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ታይተው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። በእኔ እምነት ልዩነቱን የሚያመጣው አጠቃቀሙ ነው። ታካሚው ከወጣ በኋላ ጥግ ይዞ በአንድ ትንፋሽ የሚሞላ ቼክሊስት ማንንም አያድንም። ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት፣ ሲነበብም እጅ ሁሉ ሥራ ማቆም አለበት፣ ይህን ደግሞ ኃላፊው ራሱ ክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ ካልተከታተለው ማንም አያደርገውም።

ድክመቱን ልንገራችሁ። የተበላሸ ማሽን አይጠግንም፣ የሰው እጥረትም አይሞላም። ሆኖም መጨረሻ ላይ የዕቃ ችግር ካለ ይጠይቃል። መልሱን በየቀኑ መዝግቡት። «ሰከር (ደምና ፈሳሽ መሳቢያው ማሽን) ተበላሽቷል» ብሎ በስብሰባ ከማማረር፣ የትኛው ቀን የትኛው ኦፕሬሽን እንደዘገየ ጽፎ ማቅረብ ለአስተዳደሩም ለመወሰን ይቀላል። የአስተዳደሩ መልስ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ለሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው፣ ዝም ከተባሉ ችግር ማሳወቁን ይተዉታል።

ለመጀመር ካሰባችሁ ሁሉንም ክፍል በአንዴ አትንኩ። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰርጅንና አንድ የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ይበቃል። ነጥቦቹን ከክፍላችሁ አሠራር ጋር ማስማማትም ይፈቀዳል።