የመኪና ቻርጀር ለቤት፦ ተንቀሳቃሹ፣ ባለ 7 ኪሎዋቱ ወይስ ስሪ ፌዙ?

መጀመሪያ የመኪናዎን መሰኪያ ይዩ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ታይፕ 2 ናቸው። በፎቶ ይመሳሰላሉ። ክዳኑን ሲከፍቱ በመኪናው በኩል ያለው ቀዳዳ ከሆነ ጂቢቲ፣ እሾህ ከሆነ ታይፕ 2 ነው።

ተንቀሳቃሹ፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው። በ10 አምፔር 2.2፣ በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ይሰጣል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ በ10 አምፔር 18 ሰዓት፣ በ16 አምፔር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ረጅም ይመስላል፤ ግን ባሕር ዳር ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በ16 አምፔር ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ጣጣው ሶኬቱ ላይ ነው። ምጣድም ይህንኑ ያህል ይስባል፤ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ የላላ ብሎን ይግላል፣ የሶኬቱ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ስለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የራሱን መስመር ያስዘርጉለት፤ 4 ሚሜ ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር። የሶኬት ማከፋፈያ ላይ መሰካት ፈጽሞ አይሆንም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን ሲነኩት እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ያጥፉት።

ባለ 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር። ያንኑ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሰዋል። 32 አምፔር ስለሚስብ 6 ሚሜ ካሬ ሽቦና ባለ 40 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል፤ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ከ30 ሜትር በላይ ከሆነ 10 ሚሜ ካሬ ያድርጉት። ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መከላከያም (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) የግድ ነው። ምጣዱ አብሮት ከበራ 48 አምፔር ይደርሳል፤ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። መግዛት ያለብዎት አምፔሩ ወደ 16 እና ከዚያም በታች ዝቅ የሚደረገውን ነው፤ ኃይል ሲዳከም ያድናል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግም ሻጩን ይጠይቁ። በካርድ ብቻ የሚነሳው መብራት ቢመለስም ዝም ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ባትሪውን ባዶ ያገኙታል። ሲሰካ የሚጀምረው ይሻላል። ሰዓት መሙያ ካለው በእኛ ማታ 5 ሰዓት እሱ ጋ 23:00 ነው፤ 5:00 ብለው ከሞሉት ንጋት ላይ ይነሳል።

ስሪ ፌዝ (በሦስት የኃይል መስመር የሚሠራው)፣ 11 ወይም 22 ኪሎዋት። ለአብዛኛው ቤት ገንዘብ ማባከን ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዕቃ ኃይሉን ከመፍቀድና ከመቁረጥ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ባትሪውን የሚሞላው መለወጫ መኪናው ውስጥ ነው። ለቻይና ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ 6.6 ወይም 7 ኪሎዋት ሲንግል ፌዝ ብቻ ይቀበላሉ፤ 22 ቢሰቅሉም የሚገባው ያው 7 ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ወይም መኪናው 11 ለሚቀበል ሰው ብቻ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት ያዋጣል።

ከሦስቱ ለጎጃም ከተማ ቤት የምንመርጠው ወደ 16 አምፔር ዝቅ ተደርጎ የሚሠራ ባለ 7 ኪሎዋት ነው። በጀት ካጠረ ግን ተንቀሳቃሹ ከነራሱ መስመር አያሳፍርም።

የትኛውንም ቢገዙ አርዚንግ (ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) የሌለው ቤት ላይ ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ይላል። አርዚንጉን እንዲያልፍ የሚያታልል አስማሚ ገበያ ላይ አለ፤ አይግዙት፣ ፍሳሽ ቢፈጠር የመኪናው ቆርቆሮ ሰው ይይዛል። የአርዚንጉን ዘንግ ቢያንስ 1.5 ሜትር ጥልቅ ያስመቱ፤ የአርዚንጉን ልኬት በበጋ፣ አፈሩ ሲደርቅ ያስደግሙ።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ መመሪያው ላይ የከፍታ ገደቡን አንብቡ። ብዙ ዕቃዎች እስከ 2000 ሜትር ተብለው ይሠራሉ፤ ሁለቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው፣ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። እስከ 3000 የሚል ካጣችሁ 32ቱን በ24 አምፔር አሠሩት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ፣ የመብረቅ መከላከያ ቢኖርም፣ ከመኪናው ንቀሉት፤ ብሬከሩንም አውርዱ።