አራት ዲስክ የሚይዘው ሳጥን ከወራት በኋላ፦ ገደቡ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው

አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የስቶሬጅ ሳጥን መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ሬይድ 5 የሚባለውን የዲስክ ማጣመሪያ ዘዴ የሚሠራው ሳጥኑ ራሱ ነው። አራቱን ዲስኮች አጣምሮ ለኮምፒውተሩ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ያቀርባቸዋል። ከአራቱ አንዱ ቢሞት ዳታው ይተርፋል። ድምፁ አይረብሽም፣ ብዙም አይግልም፣ ፍጥነቱም ለቪዲዮ ሥራ ይበቃኛል። ስለ ዕቃው ጥራት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስንገዛ ስለማንጠይቀው ነገር ነው። የምንሰካበት ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን ያህሉን ቦታ ይፈቅድልናል?

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ ዲስኮቹን በትልልቅ ስቀይር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት ነበሩ። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለጥበቃ ስለሚወስድ ለሥራ የሚቀረው 12 ቴራባይት ነው። እሱ መሙላት ሲጀምር አንድ ዲስክ እያወጣሁ በባለ 8 ቴራባይት ተካሁ። ሳጥኑ የአንዱን ዲስክ ዳታ መልሶ ሠርቶ እስኪጨርስ እየጠበቅኩ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ይሄ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን ያለችግር አለቀ። ሳጥኑም 24 ቴራባይት አለኝ አለ። ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ይሄንኑ 21.8 ብሎ ያሳየዋል፤ ጎደለብኝ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ከዚያ የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ፣ ዲስክ ማኔጅመንትን፣ ከፈትኩ። አዲሱ ቦታ ከነባሩ ቮልዩም (ፎርማት ተደርጎ ፋይል ከሚቀመጥበት ክፍል) በስተቀኝ፣ ከላዩ ጥቁር መስመር ተሰምሮበት፣ ባዶ ሆኖ ይታያል። ቮልዩሙ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጌ "ኤክስቴንድ ቮልዩም" አልኩት፤ ያለውን ቦታ በሙሉ ሰጠሁት። እምቢ አለ። የክላስተሮቹ ብዛት ፋይል ሲስተሙ ከሚችለው በላይ ይሆናል የሚል መልእክት አመጣ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኤንቲኤፍኤስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም፣ ዲስኩን ክላስተር በሚባሉ እኩል ቁራጮች ይከፍለዋል። ዊንዶውስ በአንድ ቮልዩም ውስጥ ቢበዛ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ክላስተር ነው የሚያስተናግደው። ቮልዩሙ እስከ 16 ቴራባይት ከሆነ ደግሞ፣ ሌላ ካልመረጣችሁ በቀር፣ ፎርማት ሲያደርግ ክላስተሩን 4 ኪሎባይት ያደርገዋል። ሁለቱን ስታባዟቸው 16 ቴራባይት ይመጣል፤ ጣሪያው እሱ ነው። በ12 ቴራባይት የተወለደ ቮልዩም 16 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ የተረፈው ለብቻው ሌላ ቮልዩም መሆን አለበት። ክላስተሩ 8 ኪሎባይት ቢሆን ጣሪያው 32፣ 16 ኪሎባይት ቢሆን 64 ቴራባይት ይሆን ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት በሚመጣው መሣሪያ የክላስተር መጠን ያለ ፎርማት አይቀየርም። ያ ማለት ዳታውን በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ፣ ፎርማት ማድረግ፣ ከዚያ መመለስ ነው። ያን ሁሉ ዳታ የሚያሳርፍ ትርፍ ዲስክ በእጁ ያለው ስንቱ ነው? እኔ ተውሼ ነው የተወጣሁት። ክላስተሩን 16 ኪሎባይት አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ጉዳትም አለው። ትንንሽ ፋይሎች ቦታ ያባክናሉ፤ የኤንቲኤፍኤስ ፋይል ማመቂያም (ኮምፕረሽን) ከ4 ኪሎባይት በላይ በሆነ ክላስተር አይሠራም። ለቪዲዮ ግን ሁለቱም ምንም አያጎድሉም። ስለዚህ ገና ባዶ ሳለ፣ ዛሬ ያላችሁን ሳይሆን አንድ ቀን ልታደርሱት የምታስቡትን መጠን አስባችሁ ፎርማት አድርጉት። ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘግበው የፓርቲሽን ሠንጠረዥም ጂፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ የድሮው ኤምቢአር በተለመደው ባለ 512 ባይት ሴክተር ከ2 ቴራባይት አያልፍም።

ማክ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ኤክስፋት የሚባለው ፋይል ሲስተም ዊንዶውስም ማክም ላይ ይጻፍበታል፤ ግን ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚይዝ መዝገብ) የለውም። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። የዓመታት ሥራዬን እሱ ላይ ለማስቀመጥ አንጀቴ አልቻለም። ሳጥኑን ዊንዶውሱ ላይ ተክዬ ለማኩ በኔትወርክ ሼር አደረግኩት። በኔትወርክ ሲሆን ማኩ ፋይል ሲስተሙ ምን እንደሆነ አይገደውም፤ ያነባል፣ ይጽፋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ እኔ ግን ተስማምቶኛል።

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ድራይቭ የሚሰጠው ፊደልም ጣጣ አለው። ሳጥኑ ሳይሰካ ፍላሽ ከቀደመው ፊደሉን ሊወስድበት ይችላል፤ ያኔ ባክአፑ የሚሄድበት ይጠፋዋል። ከፊደሎቹ መጨረሻ አካባቢ "ኤክስ"ን ሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ሊኑክስ ላይም ሰክቼ አይቼዋለሁ። በ2021 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.15 ጀምሮ ኤንቲኤፍኤስ ላይ የሚጽፍ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አለ፤ እኔ ጋ በደንብ ሠርቷል። ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ ለሚሄድ ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ይሻለዋል። እየሠራ ሳለ ይሰፋል፤ ለማሳነስ ብቻ አንማውንት መደረግ (ከሲስተሙ መላቀቅ) አለበት።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ ዲስክ ስለመቀየር በሥዕል አስደግፎ በደንብ ያስረዳል። ስለ ክላስተር ግን አንድ ቃል የለውም። ማስፋትን እንደ ዋና ጥቅም የሚሸጥ አምራች ይሄን መጻፍ አለበት። ጽፌላቸዋለሁ፤ "ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን" ብለዋል። መመሪያው እስካሁን እንዳለ ነው።