የቼልሲ ወንበር በሀንሳርድ መዝገብ፦ የአንድ ነፃ አገልግሎት ግምገማ

የእንግሊዝ ፓርላማ ከ1803 እስከ 2005 የተካሄዱ ክርክሮቹን ቃለ ጉባኤ፣ ማለትም ሀንሳርድ የሚባለውን መዝገብ፣ ማንም ሰው ሳይከፍል እንዲያነበው በድረ ገጽ አኑሮታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው ወደ መዝገቡ የሚገባው በቀን ወይም በተናጋሪ ስም ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚሻለው መግቢያ የምርጫ ክልሎች ዝርዝር ነው ባይ ነኝ። የአንድ ክልል ስም ሲጫኑ ወንበሩን የያዙት ሰዎች ከነዘመናቸው ይወጣሉ፤ ከዚያ የአንዱን ስም ሲጫኑ ደግሞ በየዓመቱ የተናገረው ይዘረዘራል። አገልግሎቱን ለመመዘን የመረጥሁት ዛሬ የሌለውን የቼልሲን ክልል ነው፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያን ለጣሊያን ሊሸነሽን ከፈረንሳይ ጋር የተስማማው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ለ34 ዓመታት የተቀመጠው በዚያ ወንበር ላይ ነበር።

በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ቼልሲ በ1868 የምርጫ ክልል ሲሆን ሁለት ተወካዮች ነበሩት። በ1885 የወንበሮች ድልድል ግዛቱ ጠብቦ የአንድ ተወካይ ክልል ሆነ፤ በ1997 ከኬንሲንግተን ጋር ተዋሕዶ እስኪቀርም ድረስ በዚሁ ዘልቋል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተወካዮች አንዱ የሊበራሉ ቻርልስ ዲልክ ነበር። ዲልክ አዲሱንም ነጠላ ወንበር ቢያሸንፍ፣ ስሙ በአንድ የፍቺ ክስ በመነሣቱ በ1886 ተሸንፎ ወጣ። በ1906 ሊበራሎች ወንበሩን መልሰው ቢይዙትም በጃንዋሪ 1910 ወግ አጥባቂው ሳሙኤል ሆር ነጠቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ክልሉ እስኪፈርስ ድረስ ከወግ አጥባቂዎች እጅ አልወጣም።

የመዝገቡ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሆር ኖቬምበር 14 ቀን 1935 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ከቼልሲ ዳግመኛ ተመረጠ። ፓርቲው በዚያ ምርጫ የመንግሥታቱን ማኅበር እንደሚደግፍ ለሕዝብ ቃል ገብቶ ነበር። ወር ሳይሞላ ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን መሬት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ፣ በደቡብም ለጣሊያን ሰፋሪዎች ሰፊ ቀጠና የሚከልል፣ ለኢትዮጵያ በምላሹ በአሰብ በኩል መውጫ የሚተውላት ውል አሰናዳ። ውሉ በፈረንሳይ ጋዜጦች ሾልኮ ሲወጣ የተነሣው ቁጣ ሆርን ከሥልጣን አስወረደው። በዲሴምበር 19 ቀን ያደረገውን የመልቀቂያ ንግግር በዚህ መዝገብ ከ307ኛው ጥራዝ ማንበብ ይቻላል። ሆር በንግግሩ አልተጸጸተም፤ ከእንግሊዝ በቀር ከማኅበሩ አባላት አንድም መርከብ፣ አንድም ሰው ያንቀሳቀሰ የለም ብሎ ተከራከረ። በዚያው ቀን ክርክር ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን ዕቅዱ ፈጽሞ የሞተ መሆኑን ሲናገር ያገኙታል። ሆር ከጥቂት ቀናት በፊት ስዊዘርላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ እንደነበር ግን ገጹ አያሳይም፤ ቃለ ጉባኤ ቃልን እንጂ ገጽታን አይመዘግብም።

ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ለተከታተለ ሌላም ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን እንግሊዝ የኢትዮጵያን ነፃነትና የንጉሠ ነገሥቱን የዙፋን መብት እንደምትቀበል በዚያው ምክር ቤት ሲያስታውቅ፣ ሆር የቼልሲን ወንበር እንደያዘ በማድሪድ አምባሳደር ነበር። መራጮቹ ሌላ አገር ባለ ሰው ተወክለው ቆዩ ማለት ነው። ስለ ሆር የሚጻፉ አጫጭር ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ በ1935 ስለሚያቆሙ፣ ይህን ዐይነቱን ነገር የሚያስተውለው ዘመኑን በወንበሩ በኩል የሚያነብ ሰው ነው።

ተጠቃሚ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ጽሑፉ ከታተሙት ጥራዞች በማሽን የተለቀመ ስለሆነ የተሳሳቱ ፊደላትና የጎደሉ ክፍሎች አሉት፤ ጥቅስ የሚወስድ ሰው ከታተመው ጥራዝ ጋር ቢያመሳክር ይበጀዋል። ሀንሳርድ ቃል በቃል የሚዘግብ ይፋዊ መዝገብ የሆነው በ1909 ስለሆነ፣ የዲልክ ዘመን ንግግሮች በብዛት በሦስተኛ መደብ ተጨምቀው የቀረቡ ናቸው፤ እንደ ራሱ አንደበት መጥቀስ አይገባም። የሆር አባትም ሳሙኤል ሆር የሚባል የኖርዊች ተወካይ ስለነበረ፣ ስሙን ከመጫን በፊት ክልሉን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጉድለት ግን መራጩ መጥፋቱ ነው። የክልሉ ገጽ ማን ከመቼ እስከ መቼ እንደተቀመጠ ይነግራል እንጂ ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ ማንን እንዳሸነፈ፣ የክልሉ ወሰን የት እንደነበር አይነግርም። በ1944 ሆር ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሲያልፍ በምትኩ የገባው ዊልያም ሲድኒ ተፎካካሪ ስላልቀረበበት ያለ ድምፅ ነው ያለፈው፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ የሰፈረው በምርጫ አሸንፈው ከገቡት ሳይለይ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ለተመራማሪም ለታሪክ ወዳድም ሳልሳሳ አመለክታለሁ፤ የምርጫ ውጤት የሚፈልግ ሰው ግን የድምፅ ቆጠራ ሰንጠረዦችን ከሌላ ቦታ ይዞ ይምጣ።