የካሊዶስኮፕ ኩዊልት ጥቅል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ፎቶውን አጣሩ

ስፌት ለምትወዱ ሁሉ። ኩዊልት የጨርቅ ቁራጮች ተገጣጥመው የሚሰፉበት ልብስ ነው፤ የካሊዶስኮፕ የሚባለው ደግሞ በመስታወት ኮከብ መሳይ ቅርጽ የሚያሳየውን ቱቦ፣ ካሊዶስኮፕን፣ ስለሚያስታውስ ነው። ኦንላይን ላይ «የካሊዶስኮፕ ኩዊልት፣ ተቆርጦ ያለቀ፣ መገጣጠም ብቻ» ተብለው የሚሸጡ ጥቅሎች አሉ። ፎቶአቸው ልብ ይሰርቃል። አንዱ እጄ ገብቶ ቁራጭ በቁራጭ አይቼዋለሁ። በፎቶው ላይ ያለው ብሎክ (ከቁራጮች ተገጣጥሞ የሚወጣው አንዱ የኩዊልት ክፍል) ከዚያ ጨርቅ ጨርሶ ሊወጣ አይችልም። ለምን እንደማይችል ልንገራችሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ በታተመ ጨርቅ ላይ ሥዕሉ በተወሰነ ርቀት እየተደጋገመ ይሄዳል። ለባለ ስድስት ማዕዘን ብሎክ ስድስት ድግግሞሽ ይቆረጣል። ሁሉም ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ አበባው በአበባው፣ ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ እንዲያርፍ ይደራረባሉ። ላይኛው ጨርቅ ላይ የአበባው እምብርት ውስጥ የገባ ስፒል በስድስቱም ላይ እዚያው እምብርት ውስጥ ማለፍ አለበት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ በ60 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣሉ። ስድስቱ ጫፎች መሃል ላይ ሲገናኙ ጨርቁ ላይ ያልነበረ ኮከብ ይወጣል። ባለ ስምንቱ ደግሞ ስምንት ድርብርብና 45 ዲግሪ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፎቶው። በዚህ አሠራር የሚቆረጡት ስድስቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊታቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በአንዱ ቁራጭ ላይ ቅጠል ወደ ቀኝ ካጋደለ፣ እያንዳንዱን ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት በሁሉም ላይ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ብሎኩ እንደ መንኮራኩር የሚሽከረከር ይመስላል። በማስታወቂያው ላይ ግን አንዱ ቁራጭ ወደ ቀኝ፣ ጎረቤቱ ወደ ግራ እያጋደለ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ከሆነ ያ የመስታወት ምስል ነው። በስልክ አፕ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ቁራጩን ገልብጣችሁ እንዳታስመስሉት ደግሞ የጨርቁ ጀርባ ነው የሚታያችሁ። (ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1817 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ካሊዶስኮፕ በእርግጥ በመስታወት ነው የሚሠራው። ስሙን ወሰድን እንጂ ጨርቅ መስታወት የለውም።) አንድ ነገር ለፍትሕ ያህል፦ ሥዕሉ ራሱ ግራ ቀኙ እኩል ከሆነና መቁረጫው ልክ መሃሉን ከያዘ የሚተያይ ብሎክ ይወጣል። ግን ሁሉም ብሎክ እንደዚያ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው ማታለያ የሜትር ነው። ሻጩ «ሁለት ሜትር ጨርቅ» ይላል፤ ስለ ድግግሞሹ ርዝመት ግን ትንፍሽ አይልም። ድግግሞሹ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለስድስት ድርብርብ 3.60 ሜትር፣ ለስምንት 4.80 ሜትር ያስፈልጋል። 3.50 ሜትር ከላከላችሁ ያገኛችሁት አምስት ሙሉ ድግግሞሽና አንድ ጎዶሎ ነው። ድግግሞሹ 30 ከሆነ 1.80 ሜትር ለስድስት ይበቃል፤ ግን የሚወጡት የተለያዩ ብሎኮች በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ሥዕሉ በጨርቁ ስፋት ላይም የሚደጋገም ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ይህንን ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ያዙት።

ተቆርጦ ያለቀው ከሙሉ ጨርቅ ይብሳል። ሙሉ ጨርቅ ቢንጋደድ አስተካክላችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ ግን አለቀ። በዚያ ላይ አንዱ ጎን በድሩ ወይም በማጉ መስመር ላይ ቢሆንም ሌሎቹ ሁለቱ በሰያፍ ስለሚቆረጡ፣ ተጣጥፎ ሲጓጓዝም ሲነካካም ይለጠጣሉ። እኔ ያየሁት ላይ ከስድስቱ አንዳንዶቹ ከሌላ ጣቃ የመጡ ይመስሉ ነበር፤ ቀይነታቸው ሌላ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ «በእጅ ስለሚቆረጥ ትንሽ ልዩነት ያለ ነው» አለ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ለአንሶላ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ስድስት ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገናኘው፤ መሃሉ ተበላሸ ማለት ኮከቡ የለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ያልተቆረጠውን ጨርቅ ፎቶ ጠይቁ። ሜትር በጨርቁ ዳር ላይ ተዘርግቶ፣ ከአንድ አበባ እስከሚቀጥለው ያው አበባ ድረስ ስንት እንደሆነ ይታይ። ከአንድ ጣቃ ሳይቆራረጥ የመጣ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። «ፎቶ የለኝም» ካለ እለፉት።

እቃው ደርሶ ከሆነ ደግሞ አትጠቡት፣ ካውያም አታስነኩት። ስድስቱን ደራርባችሁ ስፒል አንዱ ነጥብ ላይ ውጉ፣ ከዚያ ሽፋን በሽፋን እየገለጣችሁ ስፒሉ የት እንደወጣ ፎቶ አንሱ። ከጎን የማስታወቂያውን ፎቶ አድርጋችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ።