የጎማ ክንድ ለካኑላ ልምምድ፦ እጅን ያሰለጥናል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ይዋሻል

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለተመደበ የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያውን ላብ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ካኑላ (በመርፌ ተመርቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ማስገባት ነው። ቀላል ሥራ ስለሚባል ሲከሽፍ ያሳፍራል፤ በዚያ ላይ አስታማሚው አልጋውን ከቦ ያያል። ለዚህ ልምምድ የሚሸጠው የጎማ ክንድ የሚከፈልበትን ያህል ይጠቅማል? አዎ፣ የማያስተምረውን ነገር አውቆ ለሚጠቀምበት።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ከላይ ቆዳ መሰል ስስ ጎማ፣ ከሥሩ የደም ሥር የሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ከቱቦው ጋር የሚያያዝ ቀይ ውሃ የሚሞላበት ከረጢት። ከረጢቱ ከክንዱ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። በጣም ከፍ ካለ ቀዩ ውሃ እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ታማሚ ላይ የማይታይ ነገር ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ መርፌው ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንኳ ምንም አይታይም። ለቀለሙ የምግብ ቀለም ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ቀይ ሥር ቀቅሎ መሙላት ርካሽ ይመስላል፣ ስኳሩ ግን ቱቦው ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል።

የክንዱ ትልቁ ጥቅም ደም ብቅ ካለ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰከንዶች ማስተማሩ ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የመርፌው ጫፍ ከፕላስቲኩ ቀድሞ ጥቂት ስለሚወጣ፣ ደም ሲታይ ሥሩ ውስጥ ያለው መርፌው ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ፕላስቲኩን መግፋት ከሥሩ ውጭ ያጥፈዋል፤ በነበረው ማዕዘን መቀጠል ደግሞ የጀርባውን ግድግዳ በስቶ ያሳብጣል። ትክክለኛው፦ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ገብቶ፣ ደም ሲታይ መርፌውን ወደ ቆዳው ዝቅ አድርጎ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጨምሮ፣ ከዚያ መርፌውን ባለበት ይዞ ፕላስቲኩን ብቻ ማንሸራተት። ጎማው ላይ ዝቅ ያላደረገ ሰው ሲነክስበት ይሰማዋል። ይህን ሃምሳ ጊዜ የደጋገመ እጅ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ቅደም ተከተሉን አይፈልግም፤ የፍርሃቱም ትልቁ ክፍል ‹‹ቀጥሎ ምን ነበር?›› የሚለው ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ። ግፊቱ ከተሰቀለው ከረጢት ስለሚመጣ ቱርኒኬት (ሥሩ እንዲወጠር ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ) ቢታሰርም ባይታሰርም ለውጥ የለም። ስለዚህ ተለማማጁ መፍታቱን ይረሳል። ታማሚ ላይ ቱርኒኬቱ ሳይፈታ መርፌው ከወጣ ደሙ አንሶላው ላይ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ጎማው ላይም ከሚወጋው ቦታ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማሰር፣ ፕላስቲኩ ከገባ በኋላ መፍታት፣ ከፕላስቲኩ ጫፍ በላይ ሥሩን በጣት ተጭኖ መርፌውን ማውጣትና በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ መጣል።

ሁለተኛው ውሸት ቱቦው አለመሸሹ ነው። የአዛውንት ደም ሥር ከጣት ሥር ይንሸራተታል፤ የገበሬ እጅ ላይ ሥሩ ገመድ መስሎ ቢታይም ቆዳው ስለሚጠነክር የሚገፋ ኃይል ይፈልጋል፣ በዚያ ኃይል ደግሞ ሥሩ ይሸሻል። ጎማው ባይጠይቅም በግራ አውራ ጣት ቆዳውን ወደ ታች ወጥሮ መያዝን ከመጀመሪያው ቀን ማስለመድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ጎማ ‹‹ውይ!›› አይልም። ለዚህ የሚሠራው ዘዴ፦ ክንዱን በጋቢ ሸፍኖ አንድ ጓደኛ እንደ ታማሚ ከኋላ እንዲቀመጥ፣ ሌላው እንደ አስታማሚ ቆሞ ‹‹ዶክተር፣ ምነው ቆየ?›› እንዲል ማድረግ። ተለማማጁም ‹‹እማማ፣ አሁን ትንሽ ወጋ ያደርግዎታል፣ እጅዎን አያንቀሳቅሱ›› ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ እየተናገሩ መተንፈስ አይቆምም። ሁለት ጊዜ ካልተሳካ ሌላ ሰው መጥራትንም እዚሁ ቢለማመዱት ዋርድ ላይ ውርደት አይመስልም።

የእጅ መንቀጥቀጥ በጎማ ብቻ አይድንም። አድሬናሊን ማንኛውም እጅ ላይ ያለውን ጥቃቅን ንዝረት ያጎላዋል፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ እጅ ደግሞ ይባስ። ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ ትንሿን ጣት ክንዱ ላይ ማሳረፍ ብዙውን ያስታግሳል። የዘጌን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ወደ ዋርድ መግባት ግን ንዝረቱን መጋበዝ ነው።

ጥንካሬው መካከለኛ ነው። አንድ ቦታ ሲደጋገም ቀዳዳው ይሰፋና ያፈሳል፤ ቀጫጭኖቹ ካኑላዎች፣ ሮዙ 20 ቁጥር እና ሰማያዊው 22፣ ያቆዩታል፣ ወፍራሙ አረንጓዴው 18 ቶሎ ይጨርሰዋል። የባሕር ዳር ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ከተቀመጠ ጎማው ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃው ሳይፈስስ ካደረ ይሸታል። ከልምምድ በኋላ ቱቦውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ አየር ነፍቶ፣ ቆዳውን አድርቆ ጥቂት ታልክ ፓውደር መነስነስ።

ለብቻ መግዛት አይመከርም፤ ለአምስት ለስድስት ተካፍሎ መግዛት ይሻላል። ሻጩ መቀየሪያ ቱቦና ቆዳ ለብቻው ከሌለው ግን ክንዱን እዚያው መደርደሪያው ላይ ተውት።