ወገብ የወደደውን መዳፍ ጠላው፦ ሦስት ባለ .44 ሪቮልቨሮች

ስለ ትልልቅ እስቴንለስ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ ስለሚይዙ ሽጉጦች፣ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ስለ ጉልበት ነው የሚያወራው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ኪሎውን ነው። እዚህ የማወዳድራቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥይት ነው የሚጎርሱት፤ .44 ማግነም። ስለዚህ ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያንን ጉልበት ማን ይሸከመዋል የሚለው ላይ ነው፤ ብረቱ ወይስ እጃችሁ?

ከቀላሉ ልጀምር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 69፣ 4.25 ኢንች አፈሙዝ ያለው፣ 1 ኪሎ ከ50 ግራም ገደማ ነው። 5 ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ከበሮው ቀጠን ያለ ስለሆነ ልብስ ስር ብዙም አያብጥም። ቀኑን ሙሉ ታጥቆ ለመዋል ከሦስቱ እሱን የሚያህል የለም። ግን ሙሉ ማግነም አጉርሳችሁ ተኩሱበት። እጀታው መዳፍ ውስጥ ዘሎ አውራ ጣት ስር ያለውን ሥጋ ይመታል፤ እኔ ከ12 ጥይት በኋላ ቃታውን ሳልስበው ዓይኔን መጨፈን ጀመርኩ። እንዲህ እየተኮሱ ኢላማ መምታት ዘበት ነው።

የዚያው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 629 የ69 ታላቅ ወንድም ነው። 6 ጥይት፣ በ4 ኢንች አፈሙዝ 1 ኪሎ ከ180 ግራም ገደማ። ቃታው ለስላሳ ነው፤ መምቻውን ሳታቀባብሉ ቃታ ብቻ እየሳባችሁ ለመተኮስ ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ።

ሩገር ሬድሃውክ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በ4.2 ኢንች አፈሙዝ 1 ኪሎ ከ330 ግራም ይጠጋል። አካሉ እንደ ስሚዞቹ በጎን የሚከፈት ክዳን የለውም፣ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ መምቻውንና ቃታውን የሚገፋውም አንድ ስፕሪንግ ነው። ቃታው ትንሽ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ቀበቶም ይጎትታል። ኢላማ ላይ ግን ሁለት ፓኬት ጨርሼበት እጄ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በስሚዞቹ ከበሮውን ለመክፈት ቁልፏን ወደ ፊት ነው የምትገፉት፣ በሩገሩ ወደ ውስጥ ትጫናላችሁ። ሁለቱንም የያዘ ሰው ጣቱ መደናበሩ አይቀርም።

አንድ ብቻ ግዛ ብባል 629ን እገዛለሁ፤ ለመዝናኛም .44 ስፔሻል አጎርሰዋለሁ። ስፔሻሉ አጠር ያለ ቀለህ ያለው፣ ምቱም የለዘበ ጥይት ነው፤ ሦስቱም ይተኩሱታል። ጣጣው ጥቀርሻው ነው። ከበሮው ጉድጓድ ውስጥ፣ አጭሩ ቀለህ ካለቀበት ቦታ ፊት ለፊት ቀለበት ሠርቶ ይጋገራል፤ ካልተቦረሸ፣ በኋላ ማግነሙ ሲገባም ሲወጣም ይታገላል።

እስቴንለስ ስለሆነ አይዝግም የሚላችሁን አትስሙ። ላብ ከነካው በኋላ ካልተጠረገ እሱም ነጠብጣብ ያወጣል። ከበሮው ፊት ላይ የሚቀረውን ጥቁር እድፍ ግን ተዉት፣ ምንም አይጎዳም፤ እሱን ሲፈትግ የሚውል ሰው አለ።

ቀላሉን 69 ከመረጣችሁ አዲስ ዓይነት ጥይት ዝም ብላችሁ አትመኑ። በምቱ ብዛት ያልተተኮሰው ጥይት እርሳሱ ከቀለሁ ወደ ፊት እየወጣ ከበሮውን ሊቆልፈው ይችላል። 4ቱን ተኩሱ፣ 5ኛውን አውጡና ከፓኬቱ ከቀረ ሌላ ጥይት ጎን አቁሙት። ረዝሞ ከታያችሁ ያ ፓኬት የሬድሃውክ ድርሻ ነው።