የትኛው ፍጥጫ ይብሳል?

አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ወይስ አሜሪካና ቻይና?

በንግድ በኩል የዛሬው ይሻላል። ሞስኮና ዋሽንግተን ብዙም አይገበያዩም ነበር። ቤጂንግና ዋሽንግተን ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕቃ ተለዋውጠዋል። ቢጣሉ የሁለቱም ኪስ ይጎዳል።

በመነጋገር ግን የድሮዎቹ ይበልጣሉ። በ1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ በተከለችው ሚሳይል ምክንያት ከኒውክሌር ጦርነት አፋፍ ደረሱ። ደንግጠው በቀጣዩ ዓመት ቀጥታ የመገናኛ መስመር ዘረጉ። በ1972 ደግሞ የጦር መሣሪያ ገደብ ተፈራረሙ። ቻይና ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ የኒውክሌር ገደብ ውል የላትም። በ2023 አሜሪካ የስለላ ነው ያለችው የቻይና ፊኛ በአሜሪካ ጦር ተመትቶ ሲወድቅ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር በስልክ ለመነጋገር ጠየቁ፤ ቤጂንግ እምቢ አለች። እኔን ቻይና የኔ ናት ከምትላት ከታይዋን ደሴት ወሬ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ ላይ እኮ የሁለቱም ጦር ሰፈር አለ!

ለእኔ የዛሬው ይብሳል። የሚያስተሳስራቸው ንግድም በቀረጥ ጦርነት እየሳሳ ነው።